በሕግ አምላክ ሲባል የሚቆመው ማን ነው?

በቦረናና በሳይንት፣ በወግዲና በከላላ፣ በለጋምቦም ደጋ ላይ ያደገ ሰው ሁሉ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «በሕግ አምላክ!» የሚለው ነው። ሁለት ሰዎች በወሰን ወይም በከብት ነገር ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ፣ በመንገድ የሚያልፍ እንግዳ እንኳ ቢሆን ይህን ቃል ጮኾ ከተናገረ፣ ተጣዮቹ እጃቸውን ሊሰበስቡ ይገባቸዋል። ያልሰበሰበ እንደ ሆነ በደሉ በባላጋራው ላይ ብቻ ሳይሆን በሕግም ላይ ሆነ ማለት ነው። በሕግ አምላክ ከተባለ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል እየተባለ ሲነገር የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ቃል ልብ ብሎ የመረመረ ሰው ሁለት ነገር ያገኝበታል። አንደኛ፣ ቃሉን ለመናገር ሹመት አያስፈልግም፤ እረኛም ይናገረዋል፣ መበለትም ትናገረዋለች። ሁለተኛም፣ ቃሉ የሚያስረው ደካማውን ብቻ ሳይሆን ዱላ የያዘውንም ነው። በቀድሞው ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ እንደ ነበር አንባቢ ሳይሰማ አይቀርም፤ ቁራኛ ይባል የነበረው ይኸው ነው። ከሳሹም እንደ ተከሳሹ ታስሮ የሚጓዝ ስለ ሆነ፣ በሐሰት ለመክሰስ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ መንገዱንና ስንቁን ማስላት ነበረበት።

ዳሩ ግን ያለፈውን ሁሉ ማመስገን አይገባም። «በሕግ አምላክ» ይባልበት በነበረው በዚያው አገር «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባልም ነበር። ሌባ ሻይ የሚባልም ልማድ ነበረ፤ አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁትና ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። ልጁ ቢሳሳት አይጠየቅም፤ መድኃኒቱን ያጠጣውም አይጠየቅም፤ ዕዳው በደጁ ለተወደቀበት ሰው ብቻ ነበር። እንግዲህ ከአባቶቻችን የወረስነው አንድ ነገር ሳይሆን ሁለት ነው ማለት ነው፤ አንዱ ያዡም ተያዡም የሚጠየቁበት የቁራኛ ወግ ነው፤ ሁለተኛው ያዡ ሳይጠየቅ ተያዡ ብቻ የሚከፍልበት የሌባ ሻይ ወግ ነው። የዛሬው ፖሊሳችን ከሁለቱ የትኛውን ወረሰ? በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ከመካነ ሰላም ሆኖ ስለ አዲስ አበባ ፖሊስ መጻፍ ምን አገባው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ከደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ወረዳዎች ልጅ ያልላከ ቤት ጥቂት ነው። ከመካነ ሰላም ተነሥቶ፣ በአቀስታ በኩል ደሴ ወርዶ፣ ከዚያም አዲስ አበባ የሚገባው ወጣት ለቀን ሥራ ወይም ለትምህርት ይሄዳል፤ ጥቂት ካፒታል ካለውም ሱቅ በደረቴ ይይዛል። ይህ ወጣት ከመንግሥት ወገን አስቀድሞ የሚያገኘው ሚኒስትሩን ወይም የፓርላማውን አባል አይደለም፤ በመንገድ የቆመውን ፖሊስና ዕቃውን የሚያነሣበትን ደንብ አስከባሪ ነው። (የደንብ አስከባሪና የፖሊስ ሥልጣን በሕግ የተለያየ መሆኑን የሚያውቅ የጎዳና ነጋዴ ብዙ አይደለም፤ ሁለቱንም «ፖሊስ» ይላቸዋል። እንዲህ ቢል ደግሞ አይፈረድበትም።) ስለዚህ ለቦረና ሰው መንግሥት ማለት ምን ዓይነት ነገር እንደ ሆነ የሚነገረው በአመዛኙ ከመርካቶ በሚመጣ ወሬ ነው።

በመካነ ሰላም ያለው ፖሊስ ሌላ ነው። የተከራየበት ቤት ባለቤት ይታወቃል፤ ሚስቱ ከየትኛው ሱቅ በዱቤ እንደምትገዛ ይታወቃል፤ ሰው ሲሞት ከቅሬው ጋራ ቆሞ ይቀብራል። አንዱን ሰው ያለ አግባብ በጥፊ ቢመታ ወሬው ከእርሱ ቀድሞ ቤቱ ይገባል፤ በማግሥቱም አንድ ሽማግሌ «አያ እገሌ፣ ትላንት ያደረግኸው ነገር ደግ አይደለም» ይለዋል። ይህ በሕግ መጽሐፍ ያልተጻፈ መጠየቅ ነው። በእርግጥም ጉድለት አለበት፤ ዘመድ የሌለው እንግዳና ቅሬ የሌለው ድኻ በዚህ አይጠቀምም፤ የጦርነትና የግጭት ጊዜ ሲመጣም ይፈርሳል። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የታየው የትጥቅ ግጭት ምን ያህሉን እንዳፈረሰው የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

በትልቅ ከተማ ግን ይህ ሁሉ ከመነሻውም የለም። ሚሊዮን ሕዝብ በሚኖርበት አዲስ አበባ ፖሊሱ የመታውን ሰው ዳግመኛ ላያየው ይችላል። የተመታውም ሰው የሚያስታውሰው የደንብ ልብሱን ቀለም እንጂ የፖሊሱን ስም አይደለም። በትውውቅ የሚሠራው ሐፍረት በከተማ የማይሠራ ከሆነ፣ በእርሱ ምትክ የሚቆም ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ ይኸውም የተጻፈ ሕግ፣ ቁጥር ያለው መዝገብ፣ ከፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውጭ የሚቀመጥ ሰሚና ለአቤት ባዩ የሚደርስ መልስ ነው። ከእነዚህ ከአራቱ አገራችን የመጀመሪያውን በሚገባ ይዛለች።

ይህን ስል ያለ ምክንያት አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ሆኖ መከናወን እንዳለበትና ኀላፊነቱን ያጓደለ ሁሉ ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትን፣ ኢሰብዓዊና ክብርን የሚያዋርድ አያያዝን ይከለክላል፤ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። አዲስ ነገር እንኳ አይደለም፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 29 ይህንኑ 48 ሰዓት ጽፎታል፤ በአንቀጽ 31ም ፖሊስ በማስፈራራት፣ በተስፋ ቃል ወይም በሌላ ተገቢ ባልሆነ ዘዴ ቃል እንዳይቀበል ከልክሏል። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 ደግሞ ይህን የተላለፈውን ባለሥልጣን በእስራት ይቀጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በአንቀጽ 2126 በመንግሥት ሠራተኛ ጥፋት የተጎዳ ሰው ካሣ የሚጠይቅበትን በር ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ከፍቶ አቆይቷል። የሕግ ተማሪ የሆነ አንባቢ እነዚህን ቁጥሮች ለፈተና ያጠናቸዋል፤ ከፈተናው በኋላ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «አንቀጽ 424» ቢል ምን እንደሚመለስለት ግን መጽሐፉ አይነግረውም።

ለምን እንዲህ ሆነ ለሚል ጠያቂ የፖሊስን ታሪክ በአጭሩ ማስታወስ ይጠቅማል። አዲስ አበባ አስቀድማ የምትጠበቀው በአራዳ ዘበኛ ነበር። ዘመናዊው ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣው የፖሊስ አዋጅ ቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ደግሞ የአባ ዲና ፖሊስ ኮሌጅ ተከፍቶ መኮንኖችን ማሠልጠን ጀመረ። ሥልጠናው፣ ዲሲፕሊኑና ሰልፉ ሁሉ ተሟላ፤ ነገር ግን ተጠያቂነቱ ወደ ላይ ብቻ ነበር፤ ታናሹ ለታላቁ ይመልሳል፣ ታላቁም ለዙፋኑ። ወደ ታች፣ ለአላፊ አግዳሚው፣ የሚመልስበት መንገድ አልተሠራለትም። በ1965 ዓ.ም. በረሃብ ከወሎ ተነሥተው እስከ አዲስ አበባ አፋፍ የደረሱ ገበሬዎች በፖሊስ ተመልሰዋል። ገበሬዎቹ የመጡት አቤት ለማለት ነበር፤ ፖሊሱም የታዘዘውን ፈጸመ፤ ያዘዘውን የጠየቀው አልነበረም። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም.፣ የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በስድስት ኪሎ አካባቢ በጥይት ሲገደል፣ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ በፍርድ አደባባይ ሳይነገር ቀረ። ያልተነገረ ነገር ደግሞ በዚያው አያርፍም፤ ወሬ ይሆናል፣ ወሬውም እምነት ይሆናል። በደርግ ዘመን የሆነው ከዚህ የከፋ መሆኑን መተረክ አያስፈልግም፤ ያን ጊዜ የቀበሌ ጥበቃ ጓድ ራሱ ከሳሽ፣ ዳኛና ፈጻሚ ሆኖ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የፖሊስ ተጠያቂነት በአገራችን በግልጽ የተፈተነበት አንድ ጊዜ ቢኖር የ1997 ዓ.ም. ምርጫን ተከትሎ የመጣው ነው። ሰኔ 1 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ እንደገናም ከጥቅምት 22 ቀን 1998 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ቀኖች፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በተነሣው ሁከት ብዙ ሰው በጥይት ሞተ። ፓርላማው በአዋጅ ቁጥር 478 አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ይህ ራሱ ሊመሰገን የሚገባ ነገር ነበር፤ በኢትዮጵያ ታሪክ ጸጥታ አስከባሪው የተጠቀመበት ኃይል ከልክ ያለፈ ነበር ወይስ አልነበረም የሚል ጥያቄ በአዋጅ ተጽፎ ለገለልተኛ ሰዎች መሰጠቱ ቀላል አይደለም። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል፣ ምክትሉም ወልደ ሚካኤል መሸሻ ነበሩ።

ኮሚሽኑ ሥራውን ሠራ። በ1998 ዓ.ም. ማለቂያ ገደማ አባላቱ ድምፅ ሲሰጡ፣ ከዐሥሩ ስምንቱ የተወሰደው እርምጃ ከልክ ያለፈ ነበር አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ሰብሳቢውና ምክትሉ ጫና ደረሰብን ብለው አገር ጥለው ወጡ። በጥቅምት 1999 ዓ.ም. በሌላ ሰብሳቢ ለፓርላማው የቀረበው ሪፖርት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን፣ 763 ሰዎችም መቁሰላቸውን አመነ፤ እርምጃው ግን ከልክ ያለፈ አልነበረም ብሎ ደመደመ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ቁጥሩ አልተደበቀም፤ ይህን መካድ አይገባም። የተሰወረው ከቁጥሩ ወደ ሰው የሚወስደው መንገድ ነው። የትኛው ሰው በየትኛው መንገድ፣ በማን ጥይት፣ በማንስ ትእዛዝ እንደ ሞተ ለየቤተ ሰቡ አልተነገረም። እናት ልጇን ቀብራ ስትመለስ «በሁከቱ ሞተ» የሚል ቃል ብቻ ይዛ ነው። ሞተው ከተገኙት ስድስት ፖሊሶች ቤተ ሰቦችም ቢሆን ከዚህ የተሻለ መልስ ያገኘ መኖሩ ያጠራጥራል። ሌላም የሚገርም ነገር አለ፤ በዚያው በ1999 ዓ.ም.፣ በታኅሣሥ ወር፣ ፍርድ ቤት ኮሎኔል መንግሥቱ ኀይለ ማርያምንና ባልደረቦቻቸውን በቀይ ሽብር ዘመን ስለ ተፈጸመው ግድያ ጥፋተኛ አላቸው። ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ደም መመርመር የቻለች አገር የአንድ ዓመቱን ደም ለመመርመር ጉልበት አነሳት። የወደቀን መንግሥት መጠየቅና የቆመን መንግሥት መጠየቅ አንድ አይደለምና።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ የተለወጠውን መናገር ፍትሕ ነው። በስቃይ ስሙ የታወቀው ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1224/2012 ሥልጣኑ ሰፍቶለት ማቆያ ቤቶችን አስቀድሞ ሳያስታውቅ ሊጎበኝ ይችላል፤ የሚያገኘውንም በይፋ ይገልጣል። ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ በነበረው ሁከት ስለ ሞቱት 123 ሰዎች ባወጣው ሪፖርት፣ ከእነዚህ 76ቱ በጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን ሳይሸፍን ጽፏል። የካቲት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በዓድዋ በዓል ዕለት በምኒልክ አደባባይና በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ በሕዝብ ላይ አስለቃሽ ጭስ ሲተኮስ፣ ከሦስት ወር በኋላም በታላቁ አንዋር መስጊድ አካባቢ ሰዎች ሲሞቱ፣ ኮሚሽኑ ዝም አላለም። ወሎ ላይ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ የሚቀበር ስለ ሆነ፣ ሁለቱም ወሬ በአንድ ጓሮ ነው የተለቀሰው።

ሆኖም ኮሚሽኑ የሚያወጣው ሪፖርትና ምክረ ሐሳብ ነው፤ ፖሊስን ከሥራ ሊያግድም ሆነ ሊከስ አይችልም። ፍርድ ቤት ዋስትና የፈቀደለትን ሰው ፖሊስ ሳይለቅ ሲቀር፣ ወይም ከበር ላይ መልሶ ሲይዘው፣ ኮሚሽኑ «የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይከበር» ብሎ ደጋግሞ አሳስቧል። ዳኛ ያዘዘውን ለማስፈጸም ማሳሰቢያ የሚያስፈልግ ከሆነ ማሳሰቢያውን ለማስፈጸም ምን ያስፈልግ ይሆን? እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፣ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል ይሉ የለምን?

የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በ2014 ዓ.ም.፣ ከዚያም ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በታወጁት ጊዜ በአዲስ አበባ ብዙ ሰው ተይዟል፤ በሁለተኛው ጊዜ የአማራ ተወላጆች በብዛት መታሰራቸውን ኮሚሽኑ ያን ጊዜውኑ ገልጧል። ሕገ መንግሥቱ ለዚህም ቢሆን መድኃኒት አዘጋጅቶ ነበር፤ በአንቀጽ 93 መሠረት የሚቋቋመው መርማሪ ቦርድ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ አለበት። ልጁ የጠፋበት የወግዲ አባት አዲስ አበባ መጥቶ ከጣቢያ ጣቢያ ከሚዞር፣ ይህ ስም ዝርዝር በየክፍለ ከተማው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቢያገኝ ምን ያህል ቀን በተረፈለት ነበር!

ተጠያቂነት በፍጥነት ሊሠራ የማይችል ነገር እንዳልሆነ ማስረጃ አለን። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በተደረገው ሰልፍ ቦምብ በተጣለ ጊዜ፣ የአዲስ አበባ ፖሊስ ምክትል ኮሚሽነርን ጨምሮ በርካታ የፖሊስ መኮንኖች በጥበቃ ጉድለት ተጠርጥረው ወዲያውኑ ተይዘዋል። ስለ ምን ያኔ ፈጠነ? አደጋው የመሪዎችን መድረክ ስለ ነካ ነው። ለአንድ የቀን ሠራተኛ ሲሆን ግን መዝገቡ ራሱ ለመከፈት ይቸገራል። እንግዲህ የጎደለው ችሎታ አይደለም፤ መጠየቁ ወደ ላይ ሲሆን እንደ ፈረስ፣ ወደ ታች ሲሆን እንደ ኤሊ መሄዱ ነው።

ስለ ፖሊሱም መናገር ይገባናል። ደመወዙ ጥቂት ነው፤ በዓልና እሑድ የለውም፤ ሌሊት በዝናብ ይቆማል፤ ክፉ ትእዛዝ ሲመጣበት እምቢ የሚልበት የተጻፈ መተማመኛ በእጁ የለም። እንዲያውም ከሁሉ የሚበደለው በቅንነት የሚሠራው ፖሊስ ነው፤ ጥፋተኛው ተለይቶ በስሙ ስለማይጠየቅ ሐሜቱ ለሁሉም እኩል ይከፋፈላል። «ፖሊስን በየጊዜው ከጠየቅነው ሞራሉ ይወድቃል» የሚሉ ባለሥልጣኖች አሉ። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «አባቴ ፖሊስ ነው» ለማለት የሚያፍርበት ሰው ሞራሉ ከወደቀ ቆይቷል።

በሌላው አገር ምን እንደ ተደረገ ብናይ አይከፋም። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሕግ ከፖሊስ ውጭ የሆነ ነጻ የፖሊስ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቁማለች። ይህ ኬንያን ገነት አላደረጋትም። በሰኔ 2016 እ.ኤ.አ. ዊሊ ኪማኒ የተባለው ጠበቃ ከደንበኛውና ከታክሲ ነጂያቸው ጋራ ተገደለ፤ ደንበኛው ጥይት ተኩሶ ባቆሰለው ፖሊስ ላይ ለዚሁ ባለሥልጣን አቤት ያለ ሰው ነበር። ሆኖም ነገሩ በዚያ አልቀረም፤ ስድስት ዓመት ፈጅቶ በሐምሌ 2022 ሦስት ፖሊሶችና አንድ ጠቋሚ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለዋል። በደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 16 ቀን 2012 በማሪካና 34 ማዕድን ቆፋሪዎች በፖሊስ ሲገደሉ፣ በጡረታ ላይ የነበሩት ዳኛ ኢያን ፋርላም የመሩት ኮሚሽን ምስክሮችን በአደባባይ ሰማ፤ የፖሊሷ ጠቅላይ ኮሚሽነር ሳይቀሩ ቀርበው ተጠየቁ፤ ሪፖርቱም በ2015 ለሕዝብ ወጣ። የፍርዱ ነገር ከዚያ በኋላ እጅግ ተጓትቷል፤ ቢሆንም የሟቹ ሚስት በዳኛ ፊት ፖሊሱ ሲጠየቅ ተቀምጣ ሰምታለች። የእኛና የእነርሱ ልዩነት በሟቹ ቁጥር አይደለም፤ በር ተከፍቶ በመሰማቱና በር ተዘግቶ በመሰማቱ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከፖሊስ ኮሚሽን ውጭ የሆነ፣ ለፓርላማው የሚመልስ፣ ፖሊስንም አዛዡንም ጠርቶ የሚጠይቅ፣ የተገኘውንም ለዐቃቤ ሕግ የሚያስተላልፍ አካል በአዋጅ ሊቋቋም ይገባል። «ፖሊስንም አዛዡንም» ያልኩት ሆነ ብዬ ነው። ታዛዡ ወታደር ብቻ የሚጠየቅበት ሥርዓት ከቆመ፣ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ሆኖ በስልክ ያዘዘው ሰው ሌባ ሻይ አጠጪ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ነገር ላይ ለወጣቱ ባለሥልጣን አንባቢዬ አንድ ነገር መጠየቅ እወዳለሁ፤ በክፍለ ከተማም ይሁን በወረዳ፣ ለጸጥታ አካል የምትሰጠውን ትእዛዝ በጽሑፍ ስጥ፣ በፊርማህም አኑረው። በቃል የተሰጠ ትእዛዝ ባለቤት የለውም። ከመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ ተመርቆ ነገ ጠረጴዛ የሚይዘው ተማሪም ይህን ከመጀመሪያው ቀን ቢለምደው መልካም ነው።

አዋጁ እስኪወጣ ድረስ ግን ሳይጠበቅ ሊጀመር የሚችል ነገር አለ፤ ይህም የአዲስ አበባ ፖሊስ በራሱ ሥልጣን ሊያደርገው የሚችለው ነው። በእያንዳንዱ ጣቢያ ከዕለት ሁኔታው መዝገብ የተለየ፣ በፖሊስ ላይ የሚቀርብ አቤቱታ የሚጻፍበት መዝገብ ይከፈት። አቤት ባዩ ቁጥርና ቀን ያለበት ደረሰኝ ይያዝ። አቤቱታውን የሚመረምረው መርማሪ ከሌላ ክፍለ ከተማ ይምጣ። በተወሰነ ቀን ውስጥም፣ ተፈርዶለትም ሆነ ተፈርዶበት፣ ምክንያቱ የተገለጠበት ደብዳቤ ይድረሰው። በየሦስት ወሩ ደግሞ ስንት አቤቱታ እንደ ቀረበ፣ ስንቱ እውነት ሆኖ እንደ ተገኘ፣ ምን ቅጣት እንደ ተሰጠ፣ የማንም ስም ሳይነሣ በጣቢያው በር ላይ ይለጠፍ። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቢታይ አዛዡ እንዳይደነግጥ፤ ሰው አቤት የሚለው መልስ አገኛለሁ ብሎ ሲያስብ ብቻ ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያው ዓመት ቁጥር የበደል መብዛት ሳይሆን የተስፋ መብዛት ምልክት ሊሆን ይችላል።

መዝገቡም ሲከፈት ያለፈውን የሚዘጋ አይሁን። የሰኔ 1997 እና የጥቅምት 1998 ዓ.ም. የ193ቱ ሲቪሎችና የስድስቱ ፖሊሶች ቤተ ሰቦች ይዘውት የቆዩት አቤቱታ ደረሰኝ ገና አልተቆረጠለትም።